ወተትና ሩዝ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር የምትጓዙ ከሆነ፣ ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ አገሩ በድንገት ይለጠጣል። ኮረብታው ወደ ቀኝ፣ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ በስተግራ ግን ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ብቻ ነው። ከሜዳው ማዶ ጣና አለ። ውኃው ከመንገዱ አይታይም። ወሩ ነሐሴ ከሆነ ግን ሐይቁ ራሱ እስከ አስፋልቱ ጥግ የመጣ ይመስላችኋል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንወስዳችሁ ወደዚህ ሜዳና ወደ ዋና ከተማው ወደ ወረታ ነው። ወረታ እንደ ጎንደር የነገሥታት ግንብ፣ እንደ ላሊበላም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የላትም። አገር ጎብኚው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲያልፍ ከመኪናው መስኮት ብቻ የሚያያት ከተማ ናት። እኛ ግን እናቶች ሊያውቋት ይገባል እንላለን፤ ምክንያቱም ከማድ ቤታችን ጋር የተሳሰረች ናት። የጤፍ ዋጋ ሲንር ብዙዎቻችን ከጤፉ ጋር ሩዝ ቀላቅለን ማስፈጨት ጀምረን የለም? ያ ሩዝ ከባሕር ማዶ የመጣ ካልሆነ፣ ከዚህ ሜዳ የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እንጀራችን ውስጥ ስለገባው እህልና ስላበቀሉት እጆች ትንሽ ማወቅ ደግሞ አይከፋም።

መቼም ስለ ፎገራ ሲወራ መጀመር ያለበት ከውኃው ነው። ሜዳውን የሠሩት ርብና ጉማራ የተባሉ ሁለት ወንዞች ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። ከጉና ወገብ ላይ አፈሩን እየጠረጉ ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚላላ ደለሉን እዚያው ይጥሉታል። ይህ ለስንት ዘመን ሲደጋገም የኖረ ሥራ ነው፤ ዛሬ የምናየው ጥቁር ዋልካ መሬት የተገኘውም ከዚሁ ነው። ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሜዳው ብዙ ክፍል በውኃ ተሸፍኖ ይከርማል።

ውኃው በልኩ ሲሆን በረከት ነው። ከልኩ ሲያልፍ ግን ቤት ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ሞልተው ከጣና ጋር በመገናኘታቸው የፎገራና የሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ውኃ በተኛበት አገር ወባም አይጠፋም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሊቦ ከምከም፣ ቀጥሎም በፎገራ ካላዛር የሚባለው በሽታ ሲገባ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ትኩሳቱ ለሳምንታት የማይለቀው፣ ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ የሚነፋ ሕፃን ወባ ብቻ ነው ተብሎ መተው እንደሌለበት የአካባቢው እናቶች የተማሩት በዚያን ጊዜ በከፈሉት ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንግባ። ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን መካከለኛ ከተሞች ሁሉ ዕድገቷን ያገኘችው ከመንገድ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ርብን ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን (ከጋዜጣው ጋር ስም ወደምትጋራው ከተማ ማለታችን ነው) ከዚያም ወደ ጎንደር ያመራል። ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው ደግሞ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። ይህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ የተሠራው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቻይና እርዳታ ነው። ያ መንገድ ባይሠራ ኖሮ ወረታ መተላለፊያ መንደር ሆና በቀረች ነበር። መገንጠያው ሻይ ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ ጋራዡን፣ በኋላም የግብርና ኮሌጁንና ደረቅ ወደቡን ጎትቶ አመጣላት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉን ያወከው ግጭት በእነዚህ መንገዶች የሚመላለሰውን ሕዝብ ብዙ አስቸግሯል። ነጋዴዋም፣ ሕመምተኛ ልጇን ወደ ባሕር ዳር የምትወስደው እናትም የመንገድ መዘጋትን ትርጉም አሳምረው ያውቁታል።

ወረታን በጆሮ ማወቅም ይቻላል። ከኅዳር በኋላ ወደ ከተማይቱ ስትገቡ ከባጃጁ ጥሩምባ በላይ የሚሰማችሁ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ነው። መፈልፈያዎቹ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በአህያና በጋሪ ጆንያ ይገባል፤ በአንድ ወገን ነጩ ሩዝ፣ በሌላ ወገን ቅርፊቱ ይወጣል። ቅርፊቱ ከመፈልፈያው ኋላ እንደ ኮረብታ ይከመራል። በግቢው ውስጥ ደግሞ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ድረስ ያሰሩ ሴቶች ሰፌድ ይዘው የተሰባበረውን ከሙሉው፣ ጠጠሩን ከፍሬው ሲለዩ ይውላሉ። ብናኙ ዓይን አያስገልጥም። በሱቅ ተመዝኖ የምንገዛው ሩዝ ጠጠር ሳይኖረው ሲቀር የእነዚህ ሴቶች ሥራ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? ሁልጊዜ ጠጠር የለውም ማለታችን ግን አይደለም፤ ቆርጠም አድርጋችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ የአንድ ትውልድ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ፎገራ ስሟ የሚነሣው በእህል ሳይሆን በላም ነበር።

የፎገራ ላም ራሷን የቻለች ዝርያ ናት። ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ቀንዷ አጭር፣ ጠባይዋ ገራም ነው። ረግረግ ውስጥ ቆማ ትግጣለች፤ ዝንቡንና ጭቃውን ትችላለች፤ ከአገራችን ላሞችም በወተቷ ከተመሰገኑት አንዷ ናት። በበጋ ጊዜ ውኃው ወደ ጣና ሲሸሽ በተወው ለምለም ሣር ላይ መንጋው ይሰማራል፤ ክረምት ሲገባ ወደ ደረቁ ከፍታ ይወጣል። ቤት ውስጥ በወይራ ጭስ የታጠነ ማለቢያ፣ መናጫ ቅል፣ እርጎ፣ አይብ፣ አጓት አይጠፋም ነበር። ከጾም ወራት በስተቀር ልጅ ወተት ጠጥቶ ያድጋል። እናት ደግሞ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ገበያ ትወጣለች።

ሩዙ የመጣው እንዲህ ነው። በረግረጉ ውስጥ ሰው ያልዘራው የዱር ሩዝ ይበቅል ነበር። ይህም ሰው የሚዘራው ሩዝ በሜዳው ሊበቅል እንደሚችል ፍንጭ ሰጠ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ዘር ይዘው መጡና በሁለት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በደራ በጅግና፣ በፎገራ ደግሞ በሻጋ ተሞከረ። ገበሬው እስከ ዛሬ አብልጦ የሚያውቀው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ማኅበር ነው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ተለውጦ አምራች ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ገበሬዎች ዘሩን አልጣሉትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የግብርና ባለሙያዎች እንደ ገና ሲያስተዋውቁት ከጎረቤት ጎረቤት እየተዛመተ ሜዳውን ሸፈነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ከወጡት አዳዲስ ዝርያዎች መካከል «ጉማራ»፣ «ሻጋ»፣ «ሰላም» የሚባሉ አሉ፤ ወንዙም ማኅበሩም በዘር ስም መኖራቸው ደስ ይላል።

ሩዝ ለፎገራ ያደረገላትን አቅልሎ ማየት ደግ አይሆንም። በፊት ጎርፍ ሲተኛበት ምንም የማይሰጥ መሬት አሁን ጎርፉኑ ወደ ምርት ለውጦታል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ልጆች ወረታና ባሕር ዳር ድረስ ተልከው ተምረዋል። ሰዉም «ነጭ ወርቅ» ይለዋል። ቤት ውስጥ የማይገባበት ነገር የለም፤ እንጀራ ይሆናል፣ ዳቦ ይሆናል፣ ጠላም አረቄም ይጠመቅበታል። እንጀራውን በተመለከተ የወረታ ሴቶች ምክር ይህ ነው፦ ሩዝ ብቻውን ከተጋገረ ነጭና ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጤፉ ከግማሽ ባያንስ ይመረጣል፤ ሊጡም ዘለግ ላለ ጊዜ ይቡካ።

ይሁን እንጂ ሩዝ ጉልበት ይበላል። የሚበላውም በአብዛኛው የሴትና የልጅ ጉልበት ነው። ሰኔ ላይ ይዘራል። ከሐምሌ ጀምሮ አረሙ ይነሣል፤ የሩዝ አረም ደግሞ ገና በለጋነቱ ራሱን ሩዙን ስለሚመስል በዓይን ለይቶ በእጅ ከመንቀል በስተቀር መላ የለውም። አንድ ጊዜ ታርሞ የሚተው አይደለም፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያም በላይ ይመለሱበታል። ውኃው ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንድ ቦታ ጉልበት ይደርሳል። ሴቲቱ ጎንበስ እንዳለች ትውላለች፤ የሚጠባ ልጅ ያላት ከዳር አስቀምጣ ወይም አዝላ ታርማለች። ማታ ስትገባ እግሯ ረስቶ ነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው ወጥ የምትሠራው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ይመጣል፤ መፈልፈያ ከመስፋፋቱ በፊት ደግሞ ቅርፊቱን በሙቀጫ ወቅጦ ማውጣት የእርሷው ፋንታ ነበር። መፈልፈያው ቢያንስ ከዚያ አሳርፏታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ሜዳው ሩዝ ሲሆን ላሚቱ የት ሄደች?

ግጦሹ ታረሰ። ከጣና ዳር የቀረውን ሣር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ተሻማው። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲዛመት የናበጋና የዋገጠራ ሕዝብ ወንድ ሴት ሳይል ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የኖረ ሕዝብ ነው። ግጦሽ ሲጠብ መንጋው አነሰ፤ በሬው ለእርሻ ስለሚፈለግ ቀረ፣ ላሚቱ ተሸጠች። የቀረችውም ከሌላ ዝርያ ጋር እየተደባለቀች ንጹሕ የፎገራ ላም ማግኘት እየከበደ መጣ። ዝርያዋ እንዳይጠፋ ከባሕር ዳር አቅራቢያ በአንዳሳ፣ እንዲሁም በመተከል ጣቢያዎች ውስጥ ስትረባ ቆይታለች። የፎገራን ላም ከፎገራ ውጪ ማቆየት ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል።

ይህ ለውጥ በቤት ውስጥ ያመጣው ነገር በምርት ስሌት ላይ አይታይም። በገጠሩ ልማድ ቅቤና አይብ የሴቷ ገንዘብ ነው። ባል «ቅቤውን በስንት ሸጥሽው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆንበታል። በዚያች ሳንቲም ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ደብተር ይገዛል፤ ጭንቅ ቀን ሲመጣም ከቅቤ የተቋጠረች ብር ከመቀነት ትፈታለች። ሩዝ ግን በጆንያ የሚወጣ እህል ነው። በጋሪ ተጭኖ ወረታ ይሄዳል፤ የሚጭነው ወንድ፣ ከነጋዴው ጋር የሚዋዋለው ወንድ፣ ብሩን የሚቀበለውም ወንድ ነው። በሁሉም ቤት እንዲህ ነው አንልም፤ ተማክረው የሚሸጡ፣ ሚስት ገንዘብ የምትይዝባቸው ቤቶች አሉ። ነገር ግን አራት ጊዜ ያረመችው ሴት የሩዙን ዋጋ ከጎረቤት የምትሰማ ከሆነ፣ የበለጸገው ቤቱ ነው ወይስ ባልየው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልጁስ? በፊት በጠዋት ትኩስ ወተት የሚጠጣው ልጅ ዛሬ ሩዝ በልቶ ይጠግብ ይሆናል፤ ጥጋብና መፋፋት ግን አንድ አለመሆናቸውን እናቶች ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ነጭ ሩዝ ጉልበት ይሰጣል እንጂ የወተትን ቦታ አይተካም።

በጎ ጎንም አለ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና ሚስትን ስም በአንድነት የያዘ ነው፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ አለበት። ደብተሩ ብሩን በሴቲቱ መቀነት ውስጥ አያስገባላትም። ሆኖም መሬቱ የእርሷም መሆኑን በፊርማና በማኅተም ስለሚናገር ለክርክር መነሻ ሰጥቷታል።

ሩዙ ከተነሣ በኋላ መሬቱ እርጥበቱን ሳይለቅ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ውኃ ስቦ ማጠጣት የሚችለው ደግሞ ሽንኩርት ያለማል። ስለ ጓያ አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም፤ እናንተም ሽሮ ስትገዙ ሊገጥማችሁ ይችላልና። ጓያ ርካሽ፣ ድርቅን የሚችል፣ ሲጣፍጥ የሚጣፍጥ እህል ነው፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ በዚህ ምክንያት በትር ተደግፈው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች መኖራቸውን የሕክምና ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አንዴ የያዘውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሽሮ ሲረክስባችሁ ምን እንደተፈጨበት ጠይቁ።

ለማየት የመጣ ሰው ምን ያያል ብትሉን፣ በርብ ላይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። መልእክተኛውም፣ ሠራዊቱም፣ ነጋዴውም በክረምት ከዚህ ውኃ ጋር ይታገሉ ስለነበር ድልድዩ የተሠራው ለጌጥ አልነበረም። ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ የጓንጉት ገዳም ይገኛል። ይህ የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገዳም ነው። በቡልጋ ተወልዳ፣ አግብታና ልጆች ወልዳ ከኖረች በኋላ ቤቷን ትታ የመነነች ሴት ናት። በጣና ውኃ ውስጥ ቆማ 12 ዓመት እንደ ጸለየች ገድሏ ይናገራል። በዓሏ በሚውልበት በነሐሴ 24 ሜዳው ገና በውኃ ውስጥ ነው፤ ተሳላሚዎቿ እናቶች ግን ጭቃውን ሳይፈሩ ይሄዳሉ።

ከሁሉ በላይ ይህን ዓምድ የምታነቡ እንድታዩት የምንመኘው ግን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ከዓለም በር እልፍ ብሎ በስተቀኝ ገባ የሚለውን መንደር ነው። አውራ አምባ ይባላል። ዙምራ ኑሩ የሚባሉ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። አቶ ዙምራ ገና በልጅነታቸው አባትና እናታቸው እርሻ ውለው ሲገቡ አባት አረፍ ሲል እናት ለምን ወደ ማድ ቤት እንደምትሮጥ ይጠይቁ ነበር። ይህን ጥያቄ ስንቶቻችን በልባችን ይዘን ኖረናል! እርሳቸው ጥያቄውን መንደር አደረጉት። በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሁለቱም ይሸምናሉ። ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ሴት ልጅ 19 ዓመት ሳይሞላት፣ ወንድ 22 ሳይሞላው አይጋቡም፤ ሲጋቡም ድግስ የለም።

ጎረቤቶቻቸው ይህን በቀላሉ አልተቀበሉትም። በ1981 ዓ.ም. ቀያቸውን ጥለው ወደ ቦንጋ እስከ መሰደድ ደርሰዋል። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ፣ የቀራቸው ከ20 ሄክታር የማይበልጥ ነበር። በሽመናና በወፍጮ የተሰማሩት ወደው ብቻ ሳይሆን የሚያርሱት ስላጡም ነው። ዛሬ ግን የእነሱን ጋቢና የአልጋ ልብስ ለመግዛት፣ አኗኗራቸውንም ለማየት ከሩቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እኛ በከተማ፣ ቢሮ ውለን ስንገባ ማድ ቤት የሚጠብቀን ሴቶች፣ «ገጠሬ ወንድ አይለወጥም» ስንል ይህን መንደር ብናስታውስ መልካም ነው። ከተሜው ወንድ ግን ጋዜጣውን እያነበበ ስለሆነ ራሱ ቢያስታውሰው ይሻላል።

ወደ ወረታ ስትመለሱ ፀሐይ ወደ ጣና ታዘቀዝቃለች። መፈልፈያዎቹ አንድ በአንድ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ሰፌድ የያዙት ሴቶች ብናኙን ከነጠላቸው አራግፈው የቀን ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። ከመካከላቸው ከብር ሌላ ሩዙ ሲፈተግ የሚወጣውን ደቃቅ ብናኝ በትንሽ ማዳበሪያ ገዝተው የሚሄዱ አሉ። ለሰው አይሆንም፤ የላም መኖ ነው። በከተማው ዳር ባሉት ቤቶች ውስጥ በገመድ ታስራ የምትመገብ አንዲት ላም አትጠፋም። ግጦሽ ስለሌላት የሩዙ ገለባና ይኸው ብናኝ ይቀርብላታል፤ ማታ ደግሞ ለልጆቹ አንድ ሁለት ኩባያ ወተት ትሰጣለች።